ጉዳዩ፦ ትኋን ስለማስወገድ

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበው ነበር።

በዚያ ሳምንት የምንጠብቀው የክፍያ ሲስተም አንዲት ቀን አልቀበልም ብሎ አስጨንቆናል። ቀኗ ረቡዕ ጳጉሜ 6 ናት። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜ ስድስት ቀን እንደሚኖራት ልጅ አዋቂው ያውቃል። ሲስተማችን ግን ለረቡዕ የተቀጠረውን ክፍያ ሁሉ «የተሳሳተ ቀን» እያለ ይመልሳል። ኮዱን የጻፉት ልጆች መሥሪያ ቤቱን ከለቀቁ ቆይተዋል። ቀን የሚሰላበት ቦታም አንድ አይደለም፤ እዚህም እዚያም ተበትኗል። ቅዳሜን ሰርቨር ሩም ውስጥ ቁጭ ብለን እንፈልገው ተባባልን። ቅዳሜ ክፍሉ የሚከፈተው በጠቅላላ አገልግሎት ፈቃድ ነው፤ ፈቃድ የሚገኘው በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ ባዕድ ቃል ከተቀላቀለበት ከመዝገብ ቤት ይመለሳል።

ይህን ደንብ ጠልቼው አላውቅም። አማርኛ ሁሉን ነገር መሸከም ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ ያኔም አምን ነበር፣ ዛሬም አምናለሁ። ስለዚህ እኛ በየቀኑ «ባግ» የምንለውን የፕሮግራም ስሕተት መዝገበ ቃላት ገልጬ ፈለግሁ። «ትኋን» ይላል። ጻፍኩት። «በክፍያ ማሽኖቹ ውስጥ የታየውን ትኋን ለማስወገድ፣ ቅዳሜ ጳጉሜ 2 ቀን 2011 ዓ.ም. የማሽኖች ክፍሉ ተከፍቶ አስፈላጊው ትብብር ሁሉ እንዲደረግልን በትሕትና እንጠይቃለን።»

ትብብሩ ተደረገልን።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ሽታው ገና ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። አፍንጫቸውን በጨርቅ የሸፈኑ፣ በጀርባቸው መርጫ ያዘሉ ሁለት ሰዎች ሰርቨር ሩሙን ጨርሰው እቃቸውን ይሰበስባሉ። ማሽኖቹን ያጠፋቸው ሰው አልነበረም። ሰርቨር በማራገቢያው የክፍሉን አየር ወደ ውስጥ እየሳበ ነው ራሱን የሚያቀዘቅዘው። ማሽኖቹ ከንጋቱ ጀምሮ የተነፋውን ፍሊት ሁሉ ሲጠጡት ቆይተዋል ማለት ነው። በዕድሜ ጠና ያሉት ሰውዬ ጨርቁን ከአፋቸው ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ትኋን አላገኘንም» አሉኝ፣ ከልባቸው አዝነው። «አልጋ የሌለበት ቤት ትኋን ምን ይሠራል? በረሮ ግን ነበረ፤ ከሽቦዎቹ ሥር ጠራርገን አውጥተነዋል።» ጥግ ላይ የከመሩትንም አሳዩኝ። ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል፤ እኔ ደግሞ የምላቸው ጠፍቶኝ አመሰገንኳቸው።

ከቀኑ 6 ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ማሽን ፀጥ አለ። የሚሠራውን ሥራ ወደ መጠባበቂያው ለማዛወር እስከ ምሽት ደከምን። የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ደብዳቤዬን ይዘው መጡና ከፊቴ አነበቡት። «የጠየቃችሁት ይኸው ነው» አሉ። ልክ ናቸው። እያንዳንዱ ቃል በአማርኛ ትክክል ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም አልጎደለም። የጎደለው ቃሉ ከተወለደበት ቤት ይዞት የመጣው ወሬ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስንት ዓመት ስጠራው የኖርኩትን ቃል ማን ነው ነፍሳት ያደረገው? የሚነገረውን ታሪክ በከፊል አውቀው ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉውን አነበብኩት። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሁለት የሚባለው ኮምፒውተር ሥራ አልሄድ ይለዋል። ያ ማሽን የሚያስበው በሪሌ ነው፤ ሪሌ ማለት በኤሌክትሪክ ኃይል ቀጭ እያለ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው። ሠራተኞቹ እየፈተሹ ሄደው በኤፍ ሰሌዳ ላይ ቁጥር 70 ሪሌ ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ገብታ ሞታ አገኙ። በእኛ ቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45 ነበር። አውጥተው በውሎ መዝገባቸው ገጽ ላይ በፕላስተር ለጠፏት፤ ከሥሯም በእውነት ባግ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው የሚል ቃል አሰፈሩ። መዝገቡ ዛሬ ዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል፤ ነፍሳቷም እንደተለጠፈች ናት። ታሪኩን ዓለም እንዲያውቀው ያደረገችው የባሕር ኃይል መኮንኗና የሒሳብ ሊቋ ግሬስ ሆፐር ናት፤ ከዚያ ቡድን ጋር ትሠራ ነበር፣ ነፍሳቷን ያገኘቻት ግን እርሷ አይደለችም።

ብዙ ሰው ቃሉ የተወለደው በዚያን ቀን ይመስለዋል። የመዝገቡን ጽሑፍ ልብ ብሎ ላነበበው ግን «በእውነት» የምትለው ቃል ሌላ ነገር ትናገራለች። በእውነት ሲገኝ የመጀመሪያው ነው ያሉት፣ ከዚያ በፊት በምሳሌ ሲሉት ስለኖሩ ነው። ቶማስ ኤዲሰን በ1878 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ አዲስ ሥራ ሲፈጠር ብቅ የሚሉትን ጥቃቅን ችግሮች በዚሁ ስም ይጠራቸዋል፤ ስኬቱ ወይም ውድቀቱ እስኪለይ የወራት ክትትል፣ ጥናትና ድካም እንደሚያስፈልግም ይነግራል። ስለዚህ የሃርቫርዶቹ ደስታ የገባኝ ያን ሌሊት ነው። ዕድሜ ልካቸውን በምሳሌ የሚጠሩት ነገር አንድ ቀን ክንፍ አውጥቶ በእጃቸው ላይ ተገኘ። ምሳሌው እውነት ሲሆንባቸው ጊዜ አክብረው ለጠፉት። በእኔ ዘንድ ደግሞ የሆነው ይኸው ነበር፤ ልዩነቱ፣ የእኔ ምሳሌ እውነት የሆነው በመርጫ ነው።

አማርኛችን የዚያችን ነፍሳት ስም እንዴት እንዳወጣው አስቡ፤ የእሳት እራት። ብርሃን አይታ ሄዳ በእሳት የምትበላ። አንድ ሰው ከ1947 በኋላ ታሪኩን ሰምቶ ቢተረጉመው ኖሮ ባግን «እራት» እንለው ነበር፤ ጠቅላላ አገልግሎትም ቢያንስ ምግብ ቤቱን ነበር የሚጠይቀው እንጂ ፍሊት አይልክም።

ሁሉም ቃል እንዲህ አያስቸግርም። የፕሮግራም ስሕተት የሚጠገንበትን «ፓች»ን ያለ ጭንቀት «እራፊ» ማለት ይቻላል። የድሮዎቹ ማሽኖች ትእዛዝ የሚቀበሉት በተበሳ የወረቀት ጥቅልል ነበር፤ ቀዳዳው ያለ ቦታው ከተበሳ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፎበት ይደፈናል። እናቶቻችን የነጠላ ቀዳዳ የጠገኑበት ሥራ ነው። ታሪኩ እዚህም ስላለ ቃሉ ያለ መሪ መጣ።

እሑድ ጳጉሜ 3 የሩፋኤል ዕለት ነው። የሰፈሩ ልጆች ጠበል ነው እያሉ በዝናቡ ይታጠባሉ፤ እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ የቅኔ መምህር ናቸው፣ እኔም እንደ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ነው የምላቸው። ቡናው እየተቆላ ሳለ ስልኬ ጮኸ። መጠባበቂያው ማሽን ላይ የቀረው የሥራ ጓደኛዬ ነው። ተነስቼ መውጣት ነበረብኝ፤ ዝናቡ ከለከለኝ። እዚያው የኔታ ፊት እንዲህ አልኩት፦ «ዴመኑ ተነስቷል ወይ?... ልጁማ ሞቷል፣ እሱን ደግመህ ብትገድለው ምን ዋጋ አለው? ዞምቢ ነው። አባትየውን ግደለው!»

ስልኩን ስዘጋ ቤቱ ፀጥ ብሏል። ቡና የምትቆላዋ የአክስቴ ልጅ መቁያዋን ከእሳቱ ላይ አንስታ ታየኛለች። የኔታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «በሩፋኤል ቀን የምን ግደል ነው? ጋኔንስ ምን አመጣው?» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ፍርሃት ነበረበት፣ ለእኔ የፈሩት ፍርሃት። ያ ነው ልቤን የነካው። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሥራ ቋንቋ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ከትናንትናው ፍሊት በኋላ ግን ማለፍ አልቻልኩም። አስረዳለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዴመን ጀመርኩ። ከማሽኑ ጓዳ ሆኖ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ቀን ከሌት የተመደበለትን ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም ነው አልኳቸው። ስሙን ያወጡለት በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኤም አይ ቲ ፕሮጀክት ማክ በሚባለው ሥራ ላይ የነበሩት ፌርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ናቸው። ያሰቡትም የፊዚክስ ሊቁን የጄምስ ክላርክ ማክስዌልን ምሳሌ ነው። ማክስዌል በ1867 እ.ኤ.አ. እንዲህ ብሎ አሰበ፦ አየር የሞላው ሣጥን መሐሉ ላይ በግድግዳ ተከፍሏል፤ ግድግዳው ላይ ትንሽ በር አለች፤ በሯ ላይ አንዲት የማትታይ ፍጡር ቆማ ፈጣኗን ቅንጣት ወደ አንዱ፣ ዘገምተኛዋን ወደ ሌላው እያሳለፈች ትለያለች። ማክስዌል ራሱ ጋኔን አላላትም፤ በ1874 ስም ያወጣላት ዊሊያም ቶምሰን ነው፣ እርሱም በግሪኮቹ አጠራር በመሐል ሆኖ የሚሠራ መንፈስ ማለቱ እንጂ ክፉ ማለቱ አልነበረም።

የኔታ ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «እና በሩን ከፍታ የሚያልፈውን የምታሳልፍ፣ የማያልፈውን የምትመልስ ናት?» አሉ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ልጄ፣ ይቺማ በረኛ ናት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ዴመንን «በረኛ» ነው የምለው። መዝገበ ቃላት ቢያገላብጥ ማንም አያገኘውም፤ ታሪኩን ላልሰማ ሰው አይታየውምና።

ዞምቢው ከዚህ ይልቅ ያስቸግራል ብዬ ፈርቼ ነበር። በዩኒክስ ዓይነት ሲስተም ውስጥ አንዱ ፕሮግራም ሌላውን ይወልዳል፤ ወላጅና ልጅ ይባላሉ። ልጅ ሥራውን ጨርሶ ሲሞት ወላጁ እንዴት እንደሞተ ጠይቆ ማወቅ አለበት፤ እስኪጠይቅ ድረስ የልጁ ስም ከመዝገብ አይፋቅም። ሞቷል፣ ግን በመዝገብ አለ። ዞምቢ የሚሉት ይህን ነው፤ የሞተ ስለሆነ ግደለው ብትለው አይሰማም። ወላጁ ዝንጉ ከሆነ ወላጁን ማጥፋት ነው፤ ያን ጊዜ ልጁ ወላጅ አልባ ይሆንና የሁሉ አሳዳጊ የሆነው ፕሮግራም ቁጥር 1 ተቀብሎ ስሙን ያሰናብተዋል።

«መርዶው አልተነገረማ» አሉ የኔታ ወዲያው። «ልጁ አገር ቤት ሞቶ አባት መርዶ ሳይሰማ ቢቀር፣ ባባትየው ቤት ያ ልጅ ሞቷል ይባላል? በመሶቡ ድርሻ ይቀመጥለት የለም?» የአክስቴ ልጅ መቁያዋን መልሳ እሳቱ ላይ ጣደችው። እኔ ደግሞ ለስንት ተማሪ በእንግሊዝኛ ስሕተት የለሽ አድርጌ አስረድቼው ያልገባውን ነገር፣ መርዶ በምትል አንዲት ቃል ሲያበቃ አየሁ።

«ግደል ማለታችንስ?» አልኳቸው ራሴ ቀድሜ። «ያስቀይማል?»

«ስንት ዘመን ልጆች ከፊቴ ተቀምጠው ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል ሲሉ ኖሩ? ቀተለ ምን ማለት ነው?»

«ገደለ።»

«ማንን ገደሉ?»

ማንንም። በግእዝ ትምህርት ቤት ግስ የሚረባበት ፊተኛው አርእስት ቀተለ ነው፤ ሌሎች ግሶች በእርሱ መልክ ይሄዳሉ፤ «የቀተለ ቤት» ይባላሉ። ትርጉሙ አይፈለግም፤ የሚፈለገው መልኩ ነው። ይህን ስሰማ ፕሮግራመሮች «ፉ» እና «ባር» የሚሏቸው ሁለት ቃላት ትዝ አሉኝ። ስሙ ምንም ቢሆን ግድ በማይሰጥበት ቦታ፣ ለምሳሌ ብቻ፣ የሚገቡ ናቸው፤ አማርኛ ተናጋሪ እገሌና እከሌ የሚለው ዓይነት። ፉ ቢል ሆልማን የሚባል ሰዓሊ በ1935 እ.ኤ.አ. በጀመረው የአሜሪካ ጋዜጣ ሥዕላዊ ቀልድ ውስጥ አለ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወታደሮች ብልግና ቃል ተጨምሮበት፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ በኤም አይ ቲ የሞዴል ባቡር ክለብ ልጆች አፍ ገባ። በአፕሪል 1 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. የኢንተርኔት ደንቦች ከሚወጡባቸው ተከታታይ ሰነዶች አንዱ፣ ቁጥር 3092፣ ለዚህች ቃል አመጣጥ ብቻ ተጽፎላታል። አሻንጉሊት ባቡር ሲያስሄዱ ያመሹ ልጆች ጨዋታ ዛሬ በየአገሩ መማሪያ ውስጥ ተቀምጧል። ተማሪዎቻችን ግን ፉን እንደ ሳይንስ ቃል ሸምድደው ለፈተና ይመጣሉ፤ ትርጉም ያለው መስሏቸው ሲጨነቁ አይቻለሁ። ይህ ያናድደኛል። ቀተለን ያለ ትርጉም ሲያዜሙ የኖሩ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ አንድ ሰው «ፉ ማለት ቀተለ ነው» ቢላቸው በደቂቃ ይገላገሉ ነበር።

የአሜሪካ ፕሮግራመሮች ቃላቸውን የሚጠብቁት እኛ የቅኔ ቤት ግስ በምንጠብቅበት ትጋት ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ራፋኤል ፊንክል በስታንፎርድ የፕሮግራመሮችን አነጋገር ዝርዝር ጀመረ፤ ከኤም አይ ቲ ያሉት ጨመሩበት፤ በ1983 ጋይ ስቲልና ባልደረቦቹ መጽሐፍ አድርገው አወጡት፤ በ1991 ኤሪክ ሬይመንድ አስፍቶ እንደገና አሳተመው። ቃሉ ብቻ አልተመዘገበም፤ ከየትኛው ማሽን፣ ከየትኛው ሌሊት እንደመጣ አብሮ ተጽፏል።

ቡናው ቀርቦ የኔታ ወደ እኔ ጭንቀት ተመለሱ። «ያ ረቡዕን እምቢ ያለው ጉዳይስ?» ሲስተሙ ጳጉሜ 6ን አያውቃትም አልኳቸው። «ማን አስተማረውና ያውቃል? ዓመተ ዓለሙን ያዢ። 5500 እና 2011፣ 7511 ነው። ለአራት ክፈይው። ምን ተረፈ?»

«ሦስት።»

«አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፤ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ። ስድስተኛዋ ያለችው በሦስቱ ነው።»

«ምንም ባይተርፍ» ሲሉ ስኒዬን አስቀመጥኩ። ኮዱ ውስጥ ደጋግሜ አይቼ ያለፍኳት መስመር ታየችኝ፦ ዓመቱን ለአራት ከፍሎ ምንም ካልተረፈ ጳጉሜን ስድስት ቀን ያደርጋታል። የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ስሌት ነው፤ የጻፈው ልጅ ከእነርሱ ምሳሌ ቀድቶታል። ሲስተሙ ሥራ የጀመረው ከ2007 በኋላ ስለሆነ እውነተኛይቱን ጳጉሜ 6 አይቶ አያውቅም፤ በ2008 ያለ ቦታዋ ቢያኖራት ደግሞ ማንም ስላልጠየቃት አልታወቀም። በ1999 እ.ኤ.አ. አንድሩ ሀንትና ዴቪድ ቶማስ ባሳተሙት «ዘ ፕራግማቲክ ፕሮግራመር» በተባለ መጽሐፍ ውስጥ ኮዱን ለላስቲክ ዳክዬ መስመር በመስመር እያስረዳ ስሕተቱን ስለሚያገኝ ፕሮግራመር ተጽፏል፤ «የላስቲክ ዳክዬ» የሚባለው ልማድ የመጣው ከዚያ ነው። ዳክዬው ዝም ይላል። የኔታ ግን ባሕረ ሐሳብ ያውቃሉ።

ሰኞ ጳጉሜ 4 ቀን ያችን መስመር በአራት ቦታ አገኘናት፤ በአራቱም ቦታ እራፊ ጣልንባት። ቆይቼ ቀን ስቆጥር ነው የታወቀኝ፦ የሃርቫርዷ የእሳት እራት የተገኘችበት ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 በእኛ ጳጉሜ 4 ቀን 1939 ነው። ዓመቱም ሉቃስ ነበር። ያቺ ጳጉሜም ስድስት ቀን ነበራት።

ረቡዕ ክፍያው አንድም ሳይመለስ አለፈ። የሞተው ማሽን አልዳነም። ማስጠንቀቂያም ተጻፈልኝ፤ ደንቡ ነው፣ ተቀበልኩት። የደብዳቤዬን ቅጂ ግን ከመዝገብ ቤት ጠይቄ አወጣሁና በሥራ ክፍላችን የውሎ መዝገብ ገጽ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት።

ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ከስንት ጊዜ አንዴ ብቻ ብቅ የሚል፣ ሁሉም የሚያውቀው ግን ኮዱ የረሳው ጉዳይ ሲገኝ «ጳጉሜ ስድስት» ይባላል። ማን እንደጀመረው አላስታውስም። በ2015 እውነተኛይቱ ስትመጣ ሲስተሙ ሳይንገራገር አሳለፋት፤ ቃሉ ግን ቀረ። ባለፈው ክረምት ለልምምድ የመጣች ልጅ የአንድ ቅጽ ስሕተት ስታሳየኝ፣ ሁለት መስመር ስም ያለው ደንበኛ ሲመጣ ብቻ የሚቆም ፕሮግራም ነው፣ «ይሄ እኮ ጳጉሜ ስድስት ነው» አለችኝ።

«ከማን ሰማሽው?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። የኮምፒውተር ቃል መስሎኝ።»

ወንበር ሳብኩላት፤ መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረድኩና ደብዳቤው የተለጠፈበትን ገጽ ገለጥኩላት።